ከቅርጫቱ ውስጥ ያጠፋሁት ድምፅ

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። እናቴ አታውቀውም። አንድ ክፍል የምንጋራው እህቴም አታውቀውም። ለአላህ እንኳ ስናገር ዙሪያውን እየዞርኩ ነው፤ «የማውቀውንም የማላውቀውንም ጥፋቴን ማረኝ» እላለሁ። የማውቀውን ግን በደንብ አውቀው ነበር። ያቃተኝ ስሙን መጥራት ነው። አሁን ልጥራው። እኔ ሐያት፣ የጎረቤታችንን የእትዬ ዘሐራን አባት ድምፅ ከኮምፒውተራቸው ውስጥ አጠፋሁ። አጠፋሁና ዋሸሁ። ዋሸሁና ጥፋቱ በልጃቸው በኢክራም ላይ ሲወድቅ ዝም ብዬ አየሁ።

እኛ ዘንድ ኃጢአትን ለሰው መናዘዝ የለም። የሰው ሐቅ ያለበት ሰው ሐቁን ለባለቤቱ ይመልሳል እንጂ መንገድ ላይ ላገኘው ሁሉ አይናገርም። ታዲያ ለእናንተ ለምን እጽፋለሁ? ፊታችሁን ስለማላየው ይመስለኛል። ፊት ሳይ ደስ ማሰኘት እፈልጋለሁ፤ ደስ ማሰኘት ስፈልግ ደግሞ እዋሻለሁ። ይህን ስለራሴ ያወቅሁት በዚህ ነገር ነው።

ጊዜው 2020 መገባደጃ ላይ ነበር፤ የሃይስኩል የመጨረሻ ዓመቴ። ትምህርቱ ሁሉ በዙም ሆኖ፣ ኮሎምበስ አጠገብ ሬይኖልድስበርግ ባለው አፓርታማችን ውስጥ ከሶፋው ወደ ጠረጴዛው፣ ከጠረጴዛው ወደ ሶፋው ስመላለስ እውል ነበር። እኛ ሁለተኛ ፎቅ፣ እትዬ ዘሐራ ከእኛ ሥር አንደኛ ፎቅ። እሳቸውና እናቴ የወሎ ልጆች ስለሆኑ እንደ እህትማማች ናቸው። ባለቤታቸው ትራክ ስለሚነዱ የወሩን ግማሽ መንገድ ላይ ናቸው፤ እሳቸው ዌርሃውስ ይሠራሉ። ቤት የምትውለው ኢክራም ብቻ ነበረች፤ ያኔ አሥራ አራት ዓመቷ።

እኔ ደግሞ የሰፈሩ የኮምፒውተር ሐኪም ነበርኩ። ሞርስ ሮድ ላይ ሱቅ ያላት የእናቴ ጓደኛ ፕሪንተሯ እንቢ ሲላት እኔን ኮል ታደርጋለች። የአንዱ ኢሜይል ሲዘጋ፣ የሌላዋ ልጅ ዙም አልገባ ሲላት «ሐያት ትምጣ» ይባላል። እውነቱን ልንገራችሁ? የማውቀው ሦስት ነገር ነበር፤ አጥፍቶ ማብራት፣ አፕዴት ማድረግ፣ ቆሻሻውን ባዶ ማድረግ። በነዚህ በሦስቱ ነው ያን ሁሉ ምርቃት የሰበሰብኩት። ምርቃቱን እወደው ነበር። «ማሻአላህ፣ እንዲህ ያለች ልጅ!» ሲሉኝ ጆሮዬ ይሞቃል። ያን ለመስማት የማላደርገው ነገር አልነበረም። የማላደርገው ነገር አለመኖሩ ጥሩ ጠባይ ይመስለኝ ነበር።

አንድ እሑድ ከዙሁር ሶላት በኋላ እናቴ «ሐያት፣ የዘሐራ ኮምፒውተር ልጅቷን ከክላስ እያስቀራት ነው፤ ወርደሽ እይላት» አለችኝ። ወረድኩ። እትዬ ዘሐራ ሥራ ነበሩ። በሩን የከፈተችልኝ ኢክራም ነች፤ ማስኳን አገጯ ላይ አንጠልጥላ።

ኢክራም እዚሁ ኮሎምበስ የተወለደች ናት። አማርኛ ትሰማለች፤ የምትመልሰው ግን በእንግሊዝኛ ነው። ላፕቶፑን ከፈትኩት። አሮጌና ወፍራም፣ ሲነሣ እንደ ማራገቢያ የሚጮህ ነው። ቦታ ሞልቷል የሚል ማስጠንቀቂያ ጥግ ላይ ብቅ ይላል።

«ኢክራም፣ ይሄ ሁሉ ምንድን ነው? ጌም ነው?»

«ሰም ኦፍ ኢት» አለች እየሳቀች። ጥቂቱ ብቻ ነው ማለቷ ነው።

ግማሹን አጠፋሁላት። ከዚያ ሪሳይክል ቢኑን ከፈትኩ፤ ያቺን ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለችውን የቆሻሻ ቅርጫት። ኢክራም ከትከሻዬ በላይ አጎንብሳ ታይ ነበር።

«ዩ ሹድ አስክ ማም ፈርስት» አለችኝ። መጀመሪያ እናቴን ጠይቂያት ነው ያለችኝ። እናቷ በዚያ ኮምፒውተር ነገር ቶሎ እንደሚከፋቸውም ነገረችኝ።

«ቆሻሻ ነው እኮ፣ ኢክራም! ቆሻሻ ለመድፋት ፈቃድ ይጠየቃል?»

«ኦኬይ፣ ቦስ» ብላ ሄደች።

እዚህ ላይ ልቁም። ሁልጊዜ ስሸሽ የምዘለው ይህንን ቦታ ነው። ቅርጫቱ ውስጥ የኢክራም ጌሞች ነበሩ፤ ትልልቅ ናቸው። ከነሱ በታች ዘጠኝ ትንንሽ የድምፅ ፋይሎች ነበሩ። ስማቸው በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ ነው፤ አባዬ 1፣ አባዬ 2 እያለ እስከ አባዬ 9። አየኋቸው። አላየሁም ብል ውሸት ነው። አንብቤያቸዋለሁ፤ በአንድ አፍታም «የማን አባት ነው?» ብዬ አስቤያለሁ። አስቤም አልጠየቅሁም። ድምፆቹ ምንም ቦታ አልያዙም፤ ቢቀሩ ኮምፒውተሩን አያዘገዩትም። ጌሞቹን ብቻ መርጬ ማጥፋት እችል ነበር። ግን ባዶ ቅርጫት ያምራል። እትዬ ዘሐራ ሲመጡ «እንደ አዲስ አደረግሽው!» እንዲሉኝ ፈለግሁ። ሁሉንም አጥፋ አልኩት። ማሽኑ ጠየቀኝ፤ ለዘለዓለም ይጥፉ ወይ፣ እርግጠኛ ነሽ ወይ አለኝ። ሰው ያልጠየቀኝን ማሽን ጠየቀኝ። አዎ አልኩ። ወረቀት ሲጨማደድ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ተሰማ። ቅርጫቷ ባዶ ሆነች።

ከዚያ አፕዴቱን ለቀቅሁት፣ አንቲቫይረስ ጫንኩበት፣ በየቀኑ ራሱን እንዲያድስ አደረግሁት። ሁሉንም በትጋት አደረግሁት።

በማግስቱ እትዬ ዘሐራ ከሺፍት እንደተመለሱ፣ የሥራ ሰደርያቸውን ሳያወልቁ፣ ሳንቡሳ በሰሐን ይዘው ወጡ። «ይቺ ልጅ እኮ ጉድ ናት! ኮምፒውተሩ ጥይት ሆነ! ማሻአላህ በሏት፣ ዓይን እንዳይበላት» አሉ። ሳንቡሳውን በላሁ። አራት።

ዓርብ ዕለት ከጁምዓ በኋላ በራችን ተንኳኳ። እትዬ ዘሐራ ነበሩ፤ አንድ እግራቸው ላይ የራሳቸውን፣ አንዱ ላይ የኢክራምን ነጠላ ጫማ አድርገው ነው የወጡት።

«ሐያትዬ፣ ቅርጫቱ ውስጥ ያለውን የት አደረግሽልኝ?»

አስተውሉ፤ አጠፋሽ ወይ አላሉኝም። የት አደረግሽልኝ ነው ያሉኝ። ማጥፋት የሚባለው ነገር በሐሳባቸው አልነበረም። እውነቱን ለመናገር ከዚያ የሰፋ በር ማን ይከፍትልኛል?

«የቱን ቅርጫት?» አልኩ። የመጀመሪያው ውሸቴ ጥያቄ ነበር።

«ጥግ ላይ ያለችውን። የአባዬን መንዙማ እዚያ አይደል የማስቀምጠው?»

እናቴ ከኩሽና ሳቋን ለቀቀችው። «ዘሐራ! እሱ እኮ ቆሻሻ መጣያ ነው!»

«መጣያ መሆኑን አጥቼው ነው? ለዚያ አይደል እዚያ ያስቀመጥኩት! ቆሻሻ ማን ይፈትሻል?»

ከዚያ በሩ ላይ እንደቆሙ ነገሩን። በገጠራቸው ክፉ ዘመን በመጣ ጊዜ እናታቸው የብር ድሪያቸውንና አልቧቸውን የሚቀብሩት አመድ መድፊያው ሥር ነበር። ዘራፊ መጥቶ ጎታውን ገለበጠ፣ አልጋውን ገለበጠ፣ አመዱን ግን በእግሩ እንኳ አልነካውም። እትዬ ዘሐራም ስክሪኑን ሲያዩት ሁሉም ነገር የኢክራም ነው፤ ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ ይሄዳል። ከቦታዋ የማትነቃነቅ ቅርጫቷ ብቻ ናት። እዚያ ከተቷቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ ዓርብ ዓርብ አንዱን ከቅርጫቱ መልሰው ያወጣሉ፣ ያዳምጣሉ፣ ሲጨርሱ በጣታቸው እየጎተቱ መልሰው ይከቱታል። ማንም አላስተማራቸውም። ራሳቸው ነክተው ነክተው የደረሱበት ነው።

አባታቸው ሼህ ይማም የታወቁ ሰው አልነበሩም። በመንደራቸው ሐድራ፣ በዱዓው ስብሰባ ላይ፣ ራሳቸው የገጠሙትን መንዙማ የሚያወርዱ ሽማግሌ ነበሩ። ሊሞቱ ዓመት ሲቀራቸው የእትዬ ዘሐራ ወንድም በስልኩ ዘጠኙን ቀዳቸው፤ በመንገደኛ ፍላሽም ላካቸው። ፍላሹ የመንገደኛው ነበርና ገልብጠው መለሱለት። የወንድማቸው ስልክ ኋላ ጠፋ። ሌላ ቦታ የለም። ከዚያ ቅርጫት በቀር በዓለም ላይ የትም አልነበረም።

ይህን ሁሉ ሰማሁ። ሰምቼ ምን አልኩ መሰላችሁ?

«እትዬ ዘሐራ፣ እኔ እሱን አልነካሁትም» አልኩ። ድምፄ እንዴት እንደጣፈጠ እስከ አሁን ይሰማኛል። «ከእኔ በኋላ ኢክራም ለጌም ቦታ ፈልጋ ይሆናል እንጂ።»

ሁለት ዓረፍተ ነገር። የመጀመሪያው ራሴን አዳነ። ሁለተኛውን ማን አስወጣኝ? አላውቅም ብል በቂ አልነበረም? ኮምፒውተሩ ራሱ አጠፋው ብል ያምኑኝ አልነበር? የዚያችን አጠገቤ ቆማ መጀመሪያ ጠይቂ ያለችኝን ልጅ ስም ለምን ጠራሁ? ያለችኝን የሰማሁ እኔ ብቻ ስለነበርኩ ይሆን? ከእሷ ቀድሜ መናገር ስለነበረብኝ? እንዲህ ሆኖ ሳየው ፍርሃት ብቻ አይመስለኝም። ስሌት ነበረበት።

እትዬ ዘሐራ ወረዱ። ጥቂት ቆይቶ ጩኸታቸው በወለሉ በኩል መጣ። «ኢክራም!» ከዚያ የኢክራም ድምፅ፤ «አይ ዲድንት ዱ ኢት! ማም፣ አይ ስዌር!» አላደረግሁም፣ እምላለሁ ትላለች። ከዚያ ስሜን ሰማሁ። ሐያት ናት አለች። እውነቱን ተናገረች።

«ሐያት? ሐያት ትዋሻለች?» አሉ እትዬ ዘሐራ። «በሐያት ታላክኪያለሽ?»

ያ ሁሉ ስሰበስበው የኖርኩት መልካም ስም ለዚህ ዋለ። በእጃቸው አንሥተው ልጃቸውን መቱበት።

እናቴ ሽንኩርቱን ትታ አየችኝ። «ሰማሽ ይቺን ልጅ? እንዲህ በሰው ላይ ታላክክ?»

«ልጅ ናት፣ ተያት» አልኳት።

ተያት አልኩ። ይቅር ያልኳት እኔ ነኝ።

ያኑ ዕለት ከሰዓት ስልኬን ይዤ መታጠቢያ ቤት ገባሁና መፈለግ ጀመርኩ። ያገኘሁት ነገር እንድተኛም እንድቀመጥም አልፈቀደልኝም። ከቅርጫቱ የተደፋ ነገር ወዲያው አይጠፋም። የአፓርታማው ቢሮ የተከራይን ስም ከመዝገቡ ሲሰርዝ የሰውየው ዕቃ ክፍሉ ውስጥ እንደተቀመጠ አስቡት። ክፍሉ ባዶ ነው ተብሎ ተጽፏል፤ አዲስ ተከራይ እስኪገባ ግን ዕቃው እዚያው ነው። ፋይልም እንዲሁ ነው። ኮምፒውተሩን ወዲያው ዘግቶ፣ ምንም አዲስ ነገር ሳይጽፉበት፣ በሚመልስ ፕሮግራም ቢፈልጉት ይገኛል።

ስለዚህ የሼህ ይማም ድምፅ ያን ዕለት ገና ነበረ። ማድረግ የነበረብኝ አሥራ አራት ደረጃ ወርጄ «ኮምፒውተሩን ዝጉት፣ ማንም አይንካው» ማለት ብቻ ነበር። ከዚያ ግን ለምን ይሉኛል። ከየት አወቅሽ ይሉኛል። አልወረድኩም።

ቅዳሜ አልወረድኩም። እሑድ አልወረድኩም። ሰኞ ጠዋት የኢክራም አስተማሪ ድምፅ ከወለሉ ሥር ሲመጣ አዲስ ተከራይ ሲገባ ታየኝ። የእኔው አፕዴት ይወርዳል፤ የእኔው አንቲቫይረስ በየቀኑ ራሱን ያድሳል፤ አባዬ 3 ላይ ይቀመጣል፣ አባዬ 7 ላይ ይቀመጣል። እነሳለሁ፣ እቀመጣለሁ። የሚታጠብ ልብስ ሳይኖር ላውንደሪ እወርዳለሁ፤ በራቸው ጋ ስደርስ እግሬ ይፈጥናል። እናቴ «ምን ነካሽ፣ ወንበሩ ይፈጃል እንዴ?» ትለኛለች። ፈተና አለብኝ እላታለሁ። ማጥፋቱ የአንድ ቅጽበት ሥራ ነበር፤ ባለማወቅም ነበር በሉልኝ። ይህኛው ግን? እያወቅሁ፣ ቀን እየቆጠርኩ፣ ዝም በማለት ብቻ እንደገና አጠፋሁት። አንድ ጊዜ አይደለም ያጠፋሁት። በየቀኑ አጠፋሁት።

በአሥራ አንደኛው ቀን አልቻልኩም። ወረድኩና «እትዬ ዘሐራ፣ የጠፋ ነገር የሚፈልግ ፕሮግራም አለ ይላሉ፤ እስኪ ልሞክርልዎ» አልኩ። ኢክራም ሶፋው ላይ ነበረች፤ ስልኳን ከተቀማች ሳምንት አልፏት ነበር። ቀና ብላ አየችኝ። ልትናገር ነው ብዬ ደነገጥኩ። መልሳ አቀረቀረች።

እትዬ ዘሐራ ላፕቶፑን በፎጣ ጠቅልለው ሰጡኝ። «አላህ ያክብርሽ፣ የኔ እናት። የወለደችሽ ማሕፀን ትለምልም» አሉኝ። ያን ምርቃት ምን እንዳደርገው አላውቅም ነበር። አሁንም አላውቅም።

ፕሮግራሙ ሦስት ሰዓት ፈለገ። የሰባቱን ስም አገኘ። አንድ በአንድ ከፈትኳቸው። ስድስቱ ወይ አይከፈቱም፣ ወይ እንደ ዝናብ ይንሿሿሉ። ሰባተኛው ተከፈተ። አንድ ሽማግሌ ያስላሉ። «እየገባ ነው?» ብለው ይጠይቃሉ፤ የሚቀዳውን ልጃቸውን መሆን አለበት። «አዎ፣ አባዬ» ይላል። ድቤ ሁለት ጊዜ ይመታል። ሼህ ይማም ይጀምራሉ፤ ጎርነን ብሎ ከሥር የሚነሣ ድምፅ ነው፤ የመጀመሪያውን ስንኝ ጨርሰው ሁለተኛው መሐል ላይ ይቆረጣል። አርባ ሰከንድ።

አርባ ሰከንዱን ፍላሼ ላይ ገለበጥኩት። ላፕቶፑን በፎጣው ጠቅልዬ አወረድኩትና «ምንም አልተገኘም፣ እትዬ ዘሐራ» አልኩ።

ለምን? እዚሁ ኮሎምበስ አጠገብ፣ ደብሊን በሚባለው ከተማ፣ ቢሮ የሚሠራ ኢንጂነር ዘመድ አላቸው። ጥቂት ተገኘ ካልኳቸው የቀረውን እንዲፈልግ ለእሱ ይሰጡታል፤ እሱ ደግሞ ማን አጠፋው፣ መቼ አጠፋው ብሎ ይጠይቃል ብዬ ፈራሁ። ያ ዘመድ ከእኔ የተሻለ ያገኝ ነበር? ሊሆን ይችላል። አላውቅም። እንዳይታወቅ ያደረግሁት እኔ ነኝ። የአንዲት ሴት አባት ድምፅ፣ በዓለም ላይ የቀረችው አርባ ሰከንድ፣ በእኔ ሱሪ ኪስ ውስጥ ነበረች። እሳቸው ደግሞ ከእኔ በታች አሥራ አራት ደረጃ ወርደው ዓርብ ዓርብ ዝም ብለው ይቀመጡ ነበር።

ከዚህ የባሰ አለ። ለኮሌጅ ሳመለክት ስለራስሽ ጻፊ ተባልኩ። ስለ ጎረቤቶቼ ኮምፒውተር ጻፍኩ። «አንዲት እናት የጠፋባቸውን ነገር ለማግኘት ሰዓታት ተቀምጬ ሞክሬያለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር አለበት። ቃል በቃል እውነት ነው። አስተማሪዬ ከሥሩ አስምራ «ድንቅ» ብላ ጻፈችበት። ተቀበሉኝ። አሁን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ጠዋት ጠዋት መኪናዬን አስነሥቼ ስወጣ ኢክራም የትምህርት ቤት ባስ ስትጠብቅ አያታለሁ። እጄን አውለበልባለሁ። እሷም ታውለበልባለች።

ለአንድ ዓመት ከምናምን ይህ ሁሉ እንዲህ ቆየ። እትዬ ዘሐራ ለኢክራም ስልኳን መለሱላት፤ እምነቱን ግን አልመለሱላትም። ቤት ውስጥ መነጽር ሲጠፋ ኢክራም ናት። የቤት ቁልፍ ሲጠፋ ኢክራም ናት። እኔ አለሁ፤ ቤታቸው እገባለሁ፣ እወጣለሁ፣ ሳንቡሳ እበላለሁ።

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ ያለፈው ቅዳሜ ነው። እናቴ ጎረቤቶቿን ምሳ ጠርታ ነበር። ታናሽ እህቴ የቤት ሥራዬ ኮምፒውተሩ ላይ ጠፋብኝ ብላ ስታለቅስ እትዬ ዘሐራ «ኧረ ኢክራምን አታስጠጉባት! የኔን አባት ሁለተኛ የቀበረች እሷ አይደለች?» አሉ። ሴቶቹ ሳቁ። ቀልድ ሆኗል ማለት ነው፤ ሰው ፊት የሚወራ ቀልድ።

እኔ የኢክራምን መልስ ጠበቅሁ። ሁልጊዜ የምትለው ነገር አለ፤ «አይ ዲድንት» ትላለች፣ እናቷ «ዝም በይ» ይሏታል፣ ያልፋል። ያቺ ቃል ለእኔ ምን እንደነበረች ያን ቀን ገባኝ። እሷ አላደረግሁም እስካለች ድረስ እውነቱ የሆነ ሰው ዘንድ ተቀምጧል ማለት ነበር።

ኢክራም ፈገግ አለች። «አይ ኖው፣ ማም። ሶሪ» አለች። አውቃለሁ፣ ይቅርታ አለቻቸው።

ሰሐን ስታነሣ ተከትያት ኩሽና ገባሁ። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ በቁመት በልጣኛለች።

«ለምን ሶሪ አልሻት?» አልኳት።

ትከሻዋን ነቀነቀች። «ሜይቢ አይ ዲድ ኢት።» ምናልባት እኔ እሆናለሁ ነው የምትለው። ያኔ ብዙ ነገር ታጠፋ ታወርድ እንደነበር፣ አሁን በደንብ እንደማታስታውሰው ነገረችኝ።

«ያኔ እኮ አላደረግሁም ብለሽ ነበር።»

ሰሐኑን እያጠበች፣ ወደ እኔ ሳትዞር መለሰችልኝ። «የህ፣ በት ዩ ሴድ አይ ዲድ። ኤንድ ዩ ዶንት ላይ።»

አዎ፣ ግን እኔ እንዳደረግሁት ተናገርሽ፤ አንቺ ደግሞ አትዋሺም ማለቷ ነው።

አሽሙር ነው ብዬ ድምፅዋን መረመርኩት። አሽሙር አልነበረም። ከልቧ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ የያዘችውን እውነት ከእጇ አስጥያት፣ የራሷን ዓይን ትታ የእኔን ስም አምናለች። ድምፁን ከኮምፒውተር አጠፋሁ እያልኩ ነበር ለራሴ። ከልጅቷ ውስጥ ምን እንዳጠፋሁ ያየሁት ኩሽናው ውስጥ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ሳምንት ሙሉ ሰበብ ሳበጅ ሰነበትኩ። ልጅ ነበርሽ እላለሁ። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ኢክራም አሥራ አራት ነበረች። ሰው ዕቃውን ቆሻሻ ውስጥ ካስቀመጠ ይጠፋል እላለሁ። ግን ሁለት ዓመት ሙሉ አልጠፋም፤ የጠፋው እኔ በገባሁ ዕለት ነው። አሁን ብትናገሪ ማንን ይጠቅማል፣ ቁስል መነካካት ነው እላለሁ። ይህኛው በጣም ብልጥ ሰበብ ነው፤ የእነሱን ሕመም መከታ አድርጎ እኔን ይደብቃል። ሌላም አለ፤ እናቴ ታፍራለች። አዎ፣ ታፍራለች። ልታፍር ይገባታል እንዳልል እሷ ምን አደረገች? የእኔ እፍረት ነው፤ ለእሷም የሚተርፈው በእኔ ነው።

ሰበቡ አልቋል። ዛሬ ቅዳሜ ነው። እትዬ ዘሐራ አሥር ሰዓት ላይ ይገባሉ፤ አሁን ዘጠኝ ተኩል ሆኗል፤ የኢክራም ሙዚቃ ከታች ይሰማኛል። ፍላሹ ጠረጴዛው ላይ ነው። አርባ ሰከንዱን ለእትዬ ዘሐራ እሰጣለሁ፤ ከእጃቸው ነጥቄ የያዝኩት ንብረታቸው ስለሆነ እንጂ ካሣ ስለሚሆን አይደለም። ስለ ስምንቱ ቅጂዎችና ስለቀረው ስንኝ የምሰጣቸው ምንም የለኝም። አውፍ ብለው ይቅር ቢሉኝ እቀበላለሁ፤ ባይሉኝም ሐቃቸው ነው። ቢጮሁ፣ እናቴ ትስማ፣ ሰፈሩ ይስማ። ደግመው ደጃቸውን እንዳልረግጥ ቢያደርጉኝ አልረግጥም።

እናንተንም ማሩኝ አልላችሁም። የበደልኩት እናንተን አይደለም። ይህን በማንበባችሁ ብቻ ግን ካሁን በኋላ ዝም ብል የምታውቁብኝ ሰዎች አሉ፤ የፈለግሁት ይህንን ነው።

ለእትዬ ዘሐራ በአማርኛ እነግራቸዋለሁ። ለኢክራም ግን እሷ በምትናገረው ቋንቋ፣ እናቷ ፊት፣ ዓይኗን እያየሁ ነው የምነግራት፤ አንዲት ቃል እንኳ እንዳታመልጣት። ኢክራም፣ ያኔ አላደረግሁም ስትዪ እውነትሽን ነበር። የዋሸሁት እኔ ነኝ። ሶሪ ያልሽውን መልሰሽ ውሰጂ።